ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ባለፈቃዱስ? በፋርማሲስቶችና በፋርማሲ ቴክኒሽያኖች ምዝገባ ላይ የተደረገ ውይይት

መክፈቻ ጽሑፍ

ወደ ፋርማሲ የገባ ሰው ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከመደርደሪያው ከፍ ብሎ፣ በመስተዋት ታቅፎ የተሰቀለ የሙያ ፈቃድ ያያል። ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና ክብ ማኅተም አለበት። እኔ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የማገለግል ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህን የውይይት ክር የከፈትሁትም ስለዚያ ፎቶግራፍ ለመጠየቅ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰውና መድኃኒቱን የሚያስረክበን ሰው የተለያዩ ከሆኑ ምዝገባው ለሕመምተኛው ምን ፈየደለት? ሁለተኛው ጥያቄዬ ከመጀመሪያው የሚወለድ ነው። ባንኮኒው ላይ በአብዛኛው የምናገኘው ፋርማሲ ቴክኒሽያን በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው ወይስ በሌላ ሰው ፈቃድ ጥላ ሥር የሚሠራ ረዳት?

ሕግ የለንም የሚለውን ክርክር ከወዲሁ ልዝጋው። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና እርሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ ቁጥር 299/2006 ሳይመዘገቡና የሙያ ፈቃድ ሳይዙ በጤና ሙያ መሥራትን ከልክለዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ወዲህ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምርቱን ሲቆጣጠር፣ የባለሙያው ጉዳይ በጤና ሚኒስቴርና በየክልሉ ጤና ቢሮ እጅ ሆኗል። ስለዚህ የሚጎድለው አንቀጽ አይደለም። የሚጎድለው የተመዘገበውን ሰው ከሚሠራው ሰው ጋር የሚያገናኝ፣ ሕመምተኛውም ራሱ ሊያየው የሚችል ማረጋገጫ ነው የሚል አቋም አለኝ።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በአንድ የክረምት ወቅት አንዲት እናት ሳሉ አልለቅ ያለውን ልጇን ይዛ ስትመጣ ከነጠላዋ ጫፍ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጠርሙስ ፈትታ አሳየችኝ። ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ የሰጣት ነጭ ካፖርት ያልለበሰ ልጅ እግር እንደነበር ነገረችኝ። ውኃው በጠርሙሱ ላይ የተሰመረውን ምልክት አልፎ እስከ አንገቱ ደርሷል፤ ስለዚህ ልጁ በእያንዳንዱ ማንኪያ ሲወስድ የነበረው ከታዘዘለት ያነሰ መድኃኒት ነው። መቼ እንደተበጠበጠ የሚገልጽ ቀን አልተጻፈበትም፤ እንዲህ ያለ ሽሮፕ አንዴ ከተበጠበጠ በተለመደው የክፍል ሙቀት ከ7 ቀን በላይ አይቆይም። እናቲቱ ግን ጠርሙሱ እስኪያልቅ ብላ ከዚያ በላይ ሰጥታዋለች። ማን እንደሰጣት ስጠይቃት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰው አላየሁትም አለች። እኔም እስከ ዛሬ የዚያን ልጅ እግር ስም ማወቅ አልቻልሁም፤ ተጠያቂ ለማድረግ ቀርቶ ለማስተማር እንኳ አልተቻለም።

ምላሾቹ

ምላሽ 1 የመጣው ከደምበጫ ነው። ጸሐፊዋ መምህርት ናት፤ አመስግና ከጀመረች በኋላ ሕመምተኛ መድኃኒት አዳዩን አንተ ማን ነህ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው ወይ ስትል ጠየቀች። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም መድኃኒት ቤቱ ከየቀበሌው በመጣ ሰው እንደሚጨናነቅ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ከኋላ እያለ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ነገር መፈለግ እንደሚቆጠርና ይሉኝታ እንደሚይዛት ጨምራ ጻፈች። እኔ በመለስሁላት ባለሙያው ነጭ ካፖርት መልበስና ስሙና የሙያ ደረጃው የተጻፈበት ባጅ ደረቱ ላይ ማድረግ እንዳለበት፣ ይህም የተደነገገው እርሷ አፍ አውጥታ መጠየቅ ሳያስፈልጋት እንድታውቅ መሆኑን ገለጽሁ። ባጁ ከሌለ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ምላሽ 2 የባሕር ዳር የሕግ ባለሙያ እርማት ነበር፤ ጠቃሚ እርማትም ነው። በመክፈቻው ላይ ስለ አንድ ወረቀት ብቻ መናገሬን ነቅፎ፣ ግድግዳው ላይ ሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ሊኖሩ እንደሚገባ አስታወሰ። የሙያ ፈቃድ ለሰውየው፣ የብቃት ማረጋገጫ ለቤቱ፣ የንግድ ፈቃድ ደግሞ ለባለሀብቱ የሚሰጡ ናቸው። የቤቱ ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው በቴክኒክ ኃላፊነት በተመዘገበ ባለሙያ ስም ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከቤቱ ከወጣ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ቢቀርም መሠረቱ ተንዷል ሲል ደመደመ። ለሕመምተኛው ከሦስቱ ዋናው የመጀመሪያው ነው፤ የንግድ ፈቃድ ግብር መከፈሉን እንጂ የመድኃኒት ዕውቀትን አይመሰክርም።

ምላሽ 3 በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረተኛ ድራጊስት ያበረከቱት ነው። ሰፊና በጥንቃቄ የተጻፈ በመሆኑ ብዙዎች ጋሼ እያሉ አመስግነዋቸዋል። የፋርማሲ ሥራ በሕግ መመራት የጀመረው ትናንት እንዳልሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 ሙያው ከተራ ንግድ እንዲለይ ማድረጉን፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 176 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን መቋቋሙን አስረዱ። እርሳቸው ወደ ሥራው በገቡበት ዘመን ድራጊስት የራሱን መድኃኒት መደብር ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ ቁሞ፣ ማታ ራሱ ቆልፎ የሚሄድ ሰው ስለነበር ፈቃዱና ሰውየው የሚለያዩበት አጋጣሚ እምብዛም እንዳልነበረ ጻፉ። መለያየቱ የመጣው ገንዘቡ የአንድ ሰው፣ ፈቃዱ የሌላ ሰው፣ ድካሙ ደግሞ የሦስተኛ ሰው በሆነ ጊዜ ነው የሚለው አስተያየታቸው በቀጣዮቹ ምላሾች ሁሉ ሲጠቀስ ቆይቷል።

በምላሽ 4 አንድ ወጣት ድራጊስት ምን እንደሆነ ሰምቶ እንደማያውቅ ሲጽፍ፣ እኒሁ አባት በምላሽ 5 ተመልሰው የቀድሞውን አከፋፈል በአጭሩ አስረዱት። ፋርማሲ በፋርማሲስት፣ መድኃኒት መደብር በድራጊስት፣ የገጠር መድኃኒት ቤት ደግሞ በፋርማሲ ቴክኒሽያን ወይም በጤና ረዳት ይመራ ነበር። መያዝ የሚፈቀድላቸው የመድኃኒት ዝርዝርም ከላይ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። የቤቱ ስም የሚያሳየው የክፍሉን ስፋት ሳይሆን የኃላፊውን ትምህርት ነው።

ምላሽ 6 የዚህ ክር እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ። የጻፈችው በቡሬ ከተማ በግል ፋርማሲ የምትሠራ ቴክኒሽያን ናት። ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ በደረጃ 4 ተመርቃ፣ የሙያ ብቃት (ሲኦሲ) ምዘናውን አልፋ፣ በክልሉ ጤና ቢሮ ተመዝግባ የራሷን የሙያ ፈቃድ እንደያዘች ከገለጸች በኋላ የቀን ውሎዋን ዘረዘረች። ማዘዣውን የምታነበው፣ ክኒኑን በመቁጠሪያ ሰሌዳው ላይ አምስት አምስት እያደረገች የምትቆጥረው፣ በትንሿ ኤንቨሎፕ ላይ ጠዋትና ማታ የሚወሰደውን የምትጽፈው፣ ማንበብ ለማይችል ሕመምተኛ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ ስላ የምታስረዳው እርሷ ናት። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፋርማሲስት ግን በሌላ ከተማ መደበኛ ሥራ ያለው ሲሆን፣ የሚመጣው ደመወዙን ለመቀበልና የቁጥጥር ቡድን መምጣቱ በስልክ ሲነገረው ብቻ ነው። ስሙን በማከራየት የሚያገኘው ገንዘብ እርሷ ቁማ ከምታገኘው እንደማያንስ ጻፈች። እርሷን የሚያንገበግባት ግን ገንዘቡ ሳይሆን፣ ስሕተት ቢፈጠር ማን እንደሚጠየቅ የሚያሳይ በእጇ የያዘችው አንድም ጽሑፍ አለመኖሩ ነው። ምላሿን የቋጨችው የእኔ ኃላፊነት ከየት ይጀምራል፣ የትስ ላይ ያበቃል፣ የተጻፈውስ የት ነው የሚል ጥያቄ በማቅረብ ነው።

ከዚህ በኋላ የውይይቱ ድምፅ ከረረ። በምላሽ 7 አንድ ፋርማሲስት ቴክኒሽያኖች ከወሰናቸው እያለፉ አዚትሮማይሲንን እንደ ከረሜላ ያለማዘዣ ይሸጣሉ፣ ዳያዜፓምና ትራማዶልም በእነርሱ እጅ ይወጣል፣ ተሕዋስያን መድኃኒቶችን መላመዳቸውም ከዚህ የመጣ ነው ሲል ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ ጫነ። የአምስት ዓመት ትምህርትና የኮሌጅ ሥልጠና በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም ብሎም ጨመረ። በምላሽ 8 የቡሬዋ ቴክኒሽያን ወንድሜ ብላ በጨዋነት ብትጀምርም መልሷ የሚያቃጥል ነበር። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ባንኮኒውን ትቶ ባይሄድ ኖሮ እኔ ከወሰኔ አልፌ የምቆምበት ክፍተት ከየት ይመጣ ነበር? ያለማዘዣ እንዲሸጥ የሚያዘውስ ባለቤቱ አይደለም ወይ? እምቢ ብትል በማግሥቱ ሌላ ሰው እንደሚቀጠር፣ እምቢ የሚልበት ሥልጣን ያለው ፋርማሲስት ግን በቦታው እንደሌለ አስረግጣ ጻፈች።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት አለበት፤ እኔ ግን ሚዛኔ ወደ እርሷ ያደላል። ማዘዣ የሚጠይቅ መድኃኒት ያለማዘዣ መስጠት ማንም ቢያደርገው ጥፋት ነው። ሆኖም ማዘዣውን መርምሮ፣ መጠኑን አመዛዝኖ፣ ሲያጠራጥር ወደ ሐኪሙ ደውሎ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከልክሎ እንዲመልስ ሕግ ኃላፊነት የሰጠው ባለሙያ በሌለበት ቤት፣ ከእርሱ በታች ያለችውን ልጅ ብቻ መክሰስ ቁጥጥር አይባልም።

በምላሽ 9 በምዕራብ ጎጃም የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነ ነጋዴ ገባ። ስሙን ባለመደበቁና ሐሳቡን በግልጽ በማቅረቡ ላከብረው እወዳለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም። ፋርማሲስት ወደ ትንሽ ከተማ መጥቶ ለመቀመጥ ፈቃደኛ እንዳልሆነ፣ ቢመጣም በወራት ውስጥ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄድ፣ ኃላፊው በለቀቀ ቁጥር ቤቱን መዝጋት ደግሞ ጉዳቱ ለሕዝቡ እንደሆነ ተከራከረ። ቤቱ ቢዘጋ የስኳር ሕመምተኛው ለአንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ግማሽ ቀን መጓዝ ሊኖርበት ነው አለ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው፤ ማናችንም ውኃ የሚቋጥር መልስ አልሰጠነውም።

ይሁን እንጂ ምላሽ 10 የመከራከሪያውን ግማሽ አፈረሰው። ጸሐፊው ገና የተመረቀ ፋርማሲስት ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ምሩቃን ፈቃድ መግቢያ የሆነውን ብሔራዊ የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ፣ ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሥራ ግን አጥቶ በቤተሰቡ ቤት እንደተቀመጠ ጻፈ። ሰው ጠፋ ለሚለው ነጋዴ በሰጠው መልስ፣ እርሱ ራሱ በተለያዩ ቤቶች ቁሞ ለመሥራት ቢጠይቅም የቀረበለት ውል ግን ፈቃዱን ሰጥቶ እንዳይመጣ የሚያደርግ እንደነበር ተናገረ። ቁሞ የሚሠራ ፋርማሲስት ሙሉ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ማዘዣ የሌለውንም ይመልሳል። የማይመጣ ፋርማሲስት ግን በርካሽ ይገኛል፤ ማንንም አይከለክልም። ባለቤቶች ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጡ ለማወቅ ወደ ግድግዳው መመልከት በቂ ነው የሚል ነበር መልሱ። ይህን ምላሽ ብዙዎች ደግፈውታል፤ ነጋዴውም በዚህ ነጥብ ላይ መልስ አልሰጠም።

ከምላሽ 11 እስከ 13 ያሉት ከጉዳዩ ወጣ ብለው ነበር። አንዱ የመድኃኒት ዋጋ መናርንና የውጭ ምንዛሪ እጥረትን፣ ሌላዋ የማይነበብ የሐኪም እጅ ጽሕፈትን፣ ሦስተኛው ደግሞ የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ለምን እንደማይመዘገቡ አነሡ። ለእነዚህ ሌላ ክር እንዲከፈትላቸው ጠይቄ ወደ ምዝገባው ተመለስን።

ምላሽ 14 የመጣው የቢቸና ተወላጅ ሆና በእንግሊዝ አገር በፋርማሲ ቴክኒሽያንነት ከምትሠራ እህታችን ነው። የምላሽ 6ን ጥያቄ ጠቅሳ፣ እዚያ ይኸው ጥያቄ እንዴት እንደተመለሰ አብራራች። በታላቋ ብሪታንያ የፋርማሲስቶችን፣ የቴክኒሽያኖችንና የፋርማሲ ቤቶችን መዝገብ የሚይዘው ጠቅላላ የፋርማሲ ምክር ቤት ሲሆን፣ ሥራውን ከሙያ ማኅበሩ የተረከበው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2010 ነው። ከዚያ በፊት የቴክኒሽያኖች ምዝገባ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ግን ያልተመዘገበ ሰው ራሱን ፋርማሲ ቴክኒሽያን ብሎ መጥራትም በዚያ ስም መሥራትም ተከልክሏል። ሰሜን አየርላንድ ከዚህ መዝገብ ውጭ የሆነ የራሷ ሥርዓት እንዳላትም አልዘነጋችም። መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ሰው በስም ወይም በምዝገባ ቁጥር ፈልጎ ባለሙያው በመዝገቡ ላይ መኖሩን፣ በሥራው ላይ የተጣለ ገደብ ካለም ያንኑ ማየት ይችላል። ባለሙያው ምዝገባውን ለማደስ በየዓመቱ ስለ ትምህርቱና ስለ ሥራው 6 ጽሑፎችን ያስገባል፤ ከእነዚህ አንዱ ከሥራ ባልደረባ ጋር ያደረገውን ውይይት የሚመለከት ነው።

ለእኛ ክርክር ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቀጥላ የጻፈችው ነው። እዚያ ቤቱን በዚያች ሰዓት የሚመራው ኃላፊ ፋርማሲስት ስሙንና የምዝገባ ቁጥሩን፣ በዚያች ሰዓትም ኃላፊው እርሱ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለሰው በሚታይ ቦታ ያኖራል። ተረኛው ሲቀየር ማስታወቂያውም ይቀየራል። አንድ ፋርማሲስት በአንድ ጊዜ የአንድ ቤት ኃላፊ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ሊርቅ የሚችለውም በቀን ከ2 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ማን መቼ ኃላፊ እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብም ይያዛል። እኛ ዘንድ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይህ ሰው በአንድ ወቅት ፈቃድ ማግኘቱን ሲነግረን፣ የእነርሱ ወረቀት ግን አሁን እዚህ ቤት ውስጥ ያለው ኃላፊ ማን እንደሆነ ይናገራል። ልዩነቱ ሕንፃም ገንዘብም አይጠይቅም፤ አንድ ነጭ ሰሌዳና አንድ ደብተር ይበቃዋል።

ምላሽ 15 በዚህ አልተስማማም። ሎንዶንን ከጎጃሟ ሉማሜ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም፤ መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት፣ መንገድ በሚዘጋበት አገር በስልክ የሚታይ መዝገብ ለይምሰል ይሆናል አለ። ጸሐፊው ቁጡ ቢሆንም ስለ ኔትወርኩ ያለው ትክክል ነው። ሆኖም ሰሌዳው ኔትወርክ እንደማይፈልግ ምላሽ 16 ወዲያው አስታውሶታል። ይኸው ምላሽ 16 ራቅ ብለን ምሳሌ መፈለጋችንን ነቅፎ፣ ሥርዓት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ተጀምሮ ወደ ሌላው የተዛመተበትን ታሪክ አነሣ። ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት፣ በተለምዶ አፕትስ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። ማዘዣውን የሚገመግመው፣ ዋጋውን የሚተምነው፣ ገንዘቡን የሚቀበለውና መድኃኒቱን አስረድቶ የሚያስረክበው ተለይተው፣ እያንዳንዱ ግብይት በደረሰኝ ተይዞ፣ የሰው ኃይሉም በሥራው ጫና ልክ እንዲመደብ ሆኖ የተዋቀረ ነው። እኔ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስለምሠራ ጥቅሙን በየቀኑ አየዋለሁ። ቅሬታ ሲመጣ ደረሰኙን ይዤ ያስረከበው ባለሙያ ማን እንደሆነ አረጋግጣለሁ፤ ጠርተን እናነጋግረዋለን፤ የሚታረም ከሆነ ይታረማል።

ምላሽ 17 ግን ተገቢ ገደብ አደረገበት። አፕትስ የተሠራው ለመንግሥት ተቋማት ነው፤ ባለሙያዎቹ ሁለትና ሦስት በሆኑበት የግል ቤት እንዳለ አይገባም። ሊወሰድ የሚችለው በደረሰኙ ላይ የአስረካቢውን ስም የማስፈሩ ልማድ ብቻ ነው አለ። ተስማምቻለሁ።

ምላሽ 18 በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ የጻፈችው አጭር ግን ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ነው። እርሷ በምትሠራበት ቦታ የፋርማሲ ባለሙያው በፈቃድ ወይም በሕመም ሲቀር መድኃኒቱን የምትሰጠው እርሷ ናት። በእርሷ ፈቃድ ላይ የተጻፈው ነርስነት ነው። በሽተኛ ድረሱልኝ ብሎ በሩ ላይ ሲቆም ፈቃዴ አይደለም ብላ ልትመልሰው እንደማትችል፣ እንዲህ ማድረጓ ግን ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳት ጻፈች። ለዚህ ሕጉ ላይ የታመነ መልስ ያቀረበ ሰው አልተገኘም።

ምላሽ 19 በዞን ደረጃ በቁጥጥር ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ያቀረበው ነው፤ መሥሪያ ቤቱን ወክሎ እንደማይናገር አስቀድሞ ገልጿል። ፈቃድ የሚያከራይ ባለሙያና የሚከራይ ባለቤት ሁለቱም አጥፊዎች መሆናቸውን፣ አንድ ባለሙያ በአንድ ጊዜ በሁለት ቤት በቴክኒክ ኃላፊነት መመዝገብ እንደማይችል፣ ከቀድሞ ቀጣሪው መልቀቂያ እንዲያመጣ የሚጠየቀውም ለዚህ መሆኑን አስረዳ። ችግሩ በመንግሥት ተቋም ተቀጥሮ ሳለ በግል ቤት ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው ሲያጋጥም፣ ወይም ምዝገባው በሌላ ዞን ወይም ክልል ሲሆን፣ መዝገቦቹ እርስ በርስ ስለማይተያዩ በቀላሉ አለመታወቁ ነው። የቁጥጥር ቡድኑ መኪና ወደ ከተማው ሲገባ ወሬው ቀድሞት እንደሚደርስ፣ በሄዱበት ቀን ሁሉም ሰው ነጭ ካፖርቱን ለብሶ እንደሚጠብቃቸውም አልሸሸገም። ምላሽ 20 በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ወቀሳ ሰነዘረ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ተቆጣጣሪው ብቻ ካላወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም አለ። ተቆጣጣሪው አልተቆጣም። ያለማስጠንቀቂያ የሚደረግ ጉብኝት ነዳጅና የሰው ኃይል እንደሚጠይቅ፣ በጽሑፍ የቀረበ ጥቆማ ግን ቡድኑን ለማንቀሳቀስ የተሻለ ኃይል እንዳለው በእርጋታ መለሰ።

ምላሽ 21 ፈቃድ ማሳደስን የሚመለከት ነበር። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ለእድሳት መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም፣ በወረዳ ያለ ቴክኒሽያን ሥልጠናውን ለማግኘት ወደ ትልልቅ ከተሞች መመላለስ እንዳለበት፣ መንገድ በተዘጋበት ጊዜም ይህ እንደማይቻልና ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ሰው ሁሉ ደካማ ባለሙያ ተደርጎ መታየት እንደሌለበት ጸሐፊው አሳሰበ። እውነት ነው።

በምላሽ 22 የቡሬዋ ቴክኒሽያን ተመለሰች። ባለቤቱን የሥራ ዝርዝሯን በጽሑፍ እንዲሰጣት ጠይቃ ጊዜ ስጪኝ እንዳላት ገልጻ፣ ናሙና ያለው ሰው እንዲያካፍላት ለመነች። እኔም ከዚህ ክር የተማርሁትን አንድ ላይ አድርጌ ረቂቅ ጻፍሁላት። ረቂቁ ማዘዣን የሚመረምረው ማን እንደሆነ፣ ሱስ ሊያስይዙና አእምሮ ላይ ሊሠሩ የሚችሉት የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ፣ በየኤንቨሎፑና በየጠርሙሱ ላይ ማን ስሙንና ቀኑን እንደሚጽፍ ይለያል። ኃላፊው ፋርማሲስት በቦታው በሌለበት ሰዓት ቁም ሣጥኑ እንደተቆለፈ እንደሚቆይ፣ ቴክኒሽያኗም ከሥልጠናዋ በላይ የሆነ ማዘዣ ሲመጣ ሕመምተኛውን በአክብሮት ወደ ሌላ ተቋም እንደምትመራና በዚህ ምክንያት ከሥራ እንደማትባረር ይደነግጋል። ከታች ፋርማሲስቱ፣ ባለቤቱና እርሷ ይፈርማሉ።

በምላሽ 23 የምላሽ 9 ነጋዴ በረቂቁ ውስጥ ሕመምተኛውን ወደ ሌላ ተቋም ስለመምራት የተጻፈውን ተቃወመ፤ በር ላይ የመጣን ደንበኛ መመለስ ንግዱን ይገድለዋል፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚፈርም ባለቤትም አይገኝም ብሏል። የምላሽ 10 ወጣት በምላሽ 24 እርሱ እንደሚፈርም፣ ቤቱ ድረስ መጥቶም ቁሞ እንደሚሠራ ጻፈለት፤ ነጋዴው ስልክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር እንዲልክለት ጠየቀው። በምላሽ 25 ተቆጣጣሪው ሦስቱ የተፈራረሙበት የሥራ ዝርዝር ከብቃት ማረጋገጫው ጎን ቢሰቀል በሚቀጥለው ጉብኝት ቡድኑ እንደሚመለከተው፣ ጥቆማ ያለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ መልስ ካላገኘ ለዞኑ ጤና መምሪያ በጽሑፍ እንዲያመለክት፣ የማመልከቻውን ቅጂም ከገቢ ማኅተም ጋር በእጁ እንዲያስቀር ገለጸ። የምላሽ 18 ነርስ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ በጤና ጣቢያ ያለ የፋርማሲ ባለሙያ ሲቀር በማን እንደሚተካ የሚገልጽ የክልሉን መመሪያ በእጁ የያዘ ሰው ካለ እዚሁ ሥር እንዲያስቀምጥልን እጠይቃለሁ።